አምስት ቋንቋ ልቻል ላለ ሰው፦ ሒሳቡ ከደሴ ሲሰላ

መስከረም ሲጠባ ከሚጻፉ ዕቅዶች ውስጥ ቋንቋ አይቀርም። እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ፣ አረብኛ እጀምራለሁ፣ ኦሮምኛ እለምዳለሁ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ቻይንኛና ፈረንሳይኛ። ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ የሚል ወጣት ሞልቷል። አንዱ ሥራ ፈልጎ ነው፣ አንዱ ውጭ ለመሄድ አስቦ፣ አንዱ ደግሞ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲያይ ስለሚቀና ብቻ። ሦስቱም በቂ ምክንያት ነው። ዕቅዱ ግን ብዙ ጊዜ ኅዳርን አያይም።

ሰው ሰንፎ አይመስለኝም። አምስቱ ቋንቋ ወረቀት ላይ አምስት እኩል መስመር ስለሚይዝ እኩል ሥራ መስሎ ይታያል። አይደለም። ለአንድ ወሎዬ አንደኛው ቋንቋ ጥቂት መቶ ሰዓት የሚበቃው ሲሆን ሌላው ሁለት ሺህ ሰዓት ሊበላ ይችላል። አንዱን የሚፈልገው ለማንበብ ነው፣ ሌላውን ገበያ ላይ ለመከራከር። ደግሞ ሁሉም ከተለመዱ በኋላም በየሳምንቱ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ይሄን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ "ስንት ቋንቋ ልቻል" ከማለት በፊት "የቱን፣ ለምን፣ እስከምን ድረስ" ማለት ይቀድማል።

መቻል የቱ ነው?

ወሎ ውስጥ አረብኛ የሚችል ሰው ፈልጉ ብትባሉ ሁለት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንደኛዋ ሪያድ ወይም ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ስልክ ስታወራ ብትሰሟት እዚያው የተወለደች ትመስላለች፤ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ሒሳብ ታወራርዳለች። የአረብኛ ጋዜጣ ብትሰጧት ግን ፊደሉን እንኳ ላትለየው ትችላለች። ሁለተኛው ደረሳ ነው፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ። ዓመታት ተቀምጦ ነህውና ሰርፍ (የአረብኛ ሰዋስውና የቃል እርባታ) የቀራ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትሰጡት የትኛው ቃል ለምን በ"ኡ" እንዳለቀ፣ የትኛው ለምን በ"አ" እንዳለቀ ቁጭ አድርጎ ይተነትንላችኋል። ጅዳ ወርዶ አንድ ሹፌር ቶሎ ቶሎ ቢያናግረው ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ኪታቡ "ምን ትፈልጋለህ" የሚለውን "ማዛ ቱሪድ" ብሎ ነው ያስተማረው፤ ሹፌሩ "ኤሽ ተብጋ" ይለዋል፤ ቤሩት ቢሆን ደግሞ "ሹ በዳክ" ነበር የሚሰማው።

አረብኛ የሚችለው ማናቸው ነው? ሁለቱም ይችላሉ፣ የሚችሉት ነገር ግን ሌላ ሌላ ነው። መስማት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ አራት ሙያ ናቸው። አንዱ ሌላውን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ሦስተኛ ሰው ልጨምር፤ የባቲ ነጋዴ። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳችሁ ከሆነ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ አንድ ድርድር ውስጥ ሲፈራረቁ ሰምታችኋል። እዚያ ፍየል የሚገዛ ሰው አፋርኛ ጋዜጣ ላንብብ አላለም፣ ግጥም ልጻፍም አላለም። ቁጥር፣ የከብት ዓይነትና ቀለም፣ ዕድሜ፣ "ቀንስ"፣ "አይሆንም"፣ ሰላምታ፣ ትንሽ ቀልድ። ለሥራው ይበቃዋል፣ በዚያ ልክም አቀላጥፎ ይናገራል። እኔ በበኩሌ ይህ ሰው ሦስት ቋንቋ ይችላል ከማለት ወደኋላ አልልም።

አሁን 12ኛ ክፍል ጨርሶ እንግሊዝኛ አፉን አላሟሽም ወዳለው ልጅ እንምጣ። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ወስዷል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሰዓት አላነሰውም። ሰዓቱ የሄደው ግን ኖት በመገልበጥና ምርጫ በማጥቆር ነው። የመልቀቂያው ፈተና ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው፤ አፍ አይፈተንም። ልጁ የተለማመደውን ነገር በሚገባ ችሏል፦ ማጥቆር። እሱ ላይ መሳቅ ልክ አይመስለኝም።

ይህን ነገር ለመለካት የሚያግዝ አንድ መሣሪያ አለ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ ነው፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2። ኤ ላይ ያለ ሰው ራሱን ያስተዋውቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ መንገድ ይጠይቃል። ቢ1 ላይ የደረሰ ጉዞ ላይ ቢቸገር ራሱን ያወጣል፣ የሆነውን ነገር ይተርካል። ቢ2 ማለት የቋንቋው ባለቤት ሳይጨነቅ፣ እናንተም ሳትጨነቁ ቁጭ ብላችሁ መከራከር ስትችሉ ነው። ሲ ለሙያና ለጥናት ነው። ሰዎች "አቀላጥፌ ልናገር" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልሙት ቢ2ን ነው። የመለኪያው ትልቁ ጥቅም ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙያ ለየብቻ ደረጃ ማስቀመጥ ማስቻሉ ነው። ከሪያድ የተመለሰችው ልጅ በመናገር ቢ2፣ በማንበብ ዜሮ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ የጎደላትም ወዲያው ይታያል፤ አረብኛ "መማር" አይደለም የሚያስፈልጋት፣ ፊደልና ንባብ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለሷ የወራት ሥራ ነው።

ስንት ሰዓት?

ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ግምት አለ። ከዜሮ ተነስቶ ኤ2 ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ቢ1 ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ከ500 እስከ 600፣ ሲ1 ከ700 እስከ 800። ይህ አስተማሪ ያለበት ሰዓት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠናው ከዚህ ውጭ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ብትሠሩ በዓመት 365 ሰዓት ይሆናል። መብራት የሚጠፋበትን፣ ለቅሶ የሚኬድበትን፣ ታመን የምንተኛበትን ቀን ቀንሱ። ቢ2 ወደ ሁለት ዓመት ነው በሉት። ለአንድ ቋንቋ።

ስልክ እንጨት ላይ "በ3 ወር እንግሊዝኛ" የሚል ማስታወቂያ ታውቃላችሁ አይደል? በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለ3 ወር፣ 180 ሰዓት ነው። ኤ2 ማለት ነው። ማስታወቂያው "በ3 ወር ዋጋና መንገድ መጠየቅ" ቢል ኖሮ እውነት በሆነ ነበር።

ሌላ ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ዝርዝር አለ፣ "ከባድና ቀላል ቋንቋዎች" የሚባለው። ምንጩ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት ተቋም ነው። በነሱ ስሌት ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ከ600 እስከ 750 ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፣ ስዋሂሊ 900፣ አማርኛ 1100፣ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ 2200። ይህን አይቶ "አረብኛ ከዓለም ከባዱ ነው" የሚል የኛ ሰው አጋጥሞኛል። ኧረ ተው! ዝርዝሩ የተሠራው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው ነው። በአማርኛ ለፈታ ሰው እንደገና መደርደር አለበት፣ ሲደረደር ደግሞ መልኩ በጣም ይለወጣል።

ኦሮምኛን እንይ። ግሱ እንደኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። "እኔ ከገበያ ዳቦ ገዛሁ" ለማለት "አኒ ገባ ኢራ ዳቦ ቢቴ" ትላላችሁ፤ "ከ"ዋ ከስሙ ኋላ መሄዷ ካልሆነ ቃላቱ የተሰለፉት እንደኛው ነው። እንግሊዛዊ ዓመት የሚታገልባቸው ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ ለኛ አዲስ አይደሉም። አዲስ የሚሆነው ምላስን ወደ ውስጥ ስቦ የሚወጣው "ዸ" ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ የአናባቢ ርዝመት። እኛ ቃልን የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ኦሮምኛ በዚያ ላይ አናባቢውን በማስረዘምም ይለያል። "ለፋ" ባጭሩ ሲባል መሬት ነው፣ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ይሆናል። ጆሮ እስኪለምደው ይቆያል። ጽሑፉ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ቁቤ ስለሆነ እንግሊዝኛ ፊደል ለሚያነብ ሰው ብዙ አያስቸግርም። አንድ ነገር ብቻ፦ መጽሐፍ ላይ ያለው ኦሮምኛና ከሚሴ ላይ የምትሰሙት የወሎ ኦሮምኛ እዚህም እዚያም ይለያያሉ። አትደንግጡ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አረብኛ በተቃራኒው ነው። የአረፍተ ነገሩ አሰላለፍ ከኛ ይርቃል፣ የቃሉ አፈጣጠር ግን ዘመድ ነው። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ እያለ ከሦስት ተነባቢ ቃል ሲፈለፍል ያደገ ሰው የአረብኛን ሥርወ ቃል ሲያይ አይገረምም፤ እንግሊዛዊው ግን ለዚህ ብቻ ወራት ያስፈልገዋል። ነፍስ ነፍስ ነው፣ ቤት በይት፣ ሞት መውት፣ ልብስ ሊባስ። (ቁጥር ላይ ግን ዘመድነቱ ያታልላል፦ አረብ "ሰማንያ" ሲል 8 ማለቱ ነው። ገበያ ላይ የ72 ብር ልዩነት ማለት ነው።) የሚከብደው ድምፁ ነው። ሐ እና ዐ ፊደላቸው እኛ ጋ ቀረ እንጂ ድምፃቸው ከአማርኛ ወጥቷል። ቁርአን በተጅዊድ፣ ማለትም በአነባበብ ደንቡ፣ የቀራ ልጅ ይህን ገና በልጅነቱ ጨርሶታል፣ ስለዚህ ለሱ ቀሪው መንገድ አጭር ነው። ሌላው ከባድ ነገር ከላይ ያልኩት ነው፤ የመጽሐፉና የመንገዱ አረብኛ ተለያይተው ስለሚኖሩ አንዱን ብቻ መርጦ መጀመር ግድ ይላል።

እንግሊዝኛ በቃልም በአሰላለፍም ሩቅ ነው፣ ግን ዓመታት ሰምተነዋል፣ አይተነዋል። ከዜሮ አንነሳም። ግዕዝ ደግሞ የሚያስፈልገው ለማንበብ ስለሆነ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፤ ቅኔ ልቁጠር ካላላችሁ በቀር። ቻይንኛ ለኛም ለእንግሊዛዊም እኩል ሩቅ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የገነባው የቻይና ኩባንያ ስለነበር ብዙ ልጆች ቻይንኛ ቢማሩ ሥራ የሚያገኙ መሰላቸው፣ ምኞቱም ክፉ አይደለም። ግን አራት የድምፅ ቃና አለው፣ ያለ ቃናው ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ጋዜጣ ለማንበብም ወደ 3000 የሚጠጋ ምልክት ይጠይቃል። በቀን አንድ ሰዓት ላለው ሰው ስድስት ዓመት ነው። በአስተርጓሚነት ልኑርበት ካለ ይጀምር። ለማሳመር ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርም።

ቃል እንዴት ይገባል፣ ለምንስ ይወጣል?

በየትኛውም ቋንቋ ጥቂት ቃላት ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። እንግሊዝኛ ላይ በጣም የሚደጋገሙት 2000 ቃላት ከነርቢያቸው (ከአንድ ቃል የሚረቡት እንደ አንድ) ሲቆጠሩ ከተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ደስ ይላል፣ ግን አትቸኩሉ። 80 በመቶ ማለት ከአምስት ቃል አንዱን አታውቁትም ማለት ነው፣ እንዲህ ሆኖ ማንበብ ሥቃይ ነው። የቃላት ትምህርትን ያጠናው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ በምቾት ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ለጋዜጣና ለልቦለድ ከ8000 እስከ 9000፣ ለንግግር ከ6000 እስከ 7000 ቃል ከነርቢው ይሆናል።

ቋንቋ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲበርር ቆይቶ ከዚያ የቆመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አልቆመም። መጀመሪያ የተማራቸው ቃላት በየአረፍተ ነገሩ ይመጡ ነበር፣ ዛሬ የተማረው ቃል ግን በወር አንዴ ነው ብቅ የሚለው። ያኔ 100 ቃል ሲጨምር ዓለም ይገለጥለት ነበር፣ አሁን 100 ጨምሮም ልዩነቱ አይታየውም። ብዙ ሰው "አልቻልኩም፣ ሌላ ቋንቋ ልሞክር" ብሎ የሚወጣው እዚህች ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ቋንቋ እንደገና ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም እንደገና ከቀላሉ ጀመረ። አምስት ቋንቋ "ሃይ፣ እንዴት ነህ" ድረስ የሚያውቅ ሰው የሚፈጠረው እንደዚህ ነው።

መርሳትን በተመለከተ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና ራሱን ፈተነ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የለካው "ስንቱን አስታወስኩ" የሚለውን አልነበረም፤ "እንደገና ሳጠናው ከመጀመሪያው ስንት ጊዜ ቀነሰልኝ" የሚለውን ነው። ከአንድ ቀን በኋላ የሚቀንስለት ሲሶ ያህል ብቻ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ ግን አሁንም አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንስለት ነበር። የመርሳቱ ፍጥነት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል።

ከዚህ የሚወጣው ዘዴ አንድ ቃል ዛሬ ሃያ ጊዜ ከማነብነብ ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ አንዳንድ ጊዜ ራስን መጠየቅ ነው። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን በካርቶን ሳጥን የሚሠራ አድርጎ አስፋፋው። የጫማ ካርቶን አምስት ቦታ ትከፍላላችሁ። ቃሉን በወረቀት አንድ ፊት፣ ፍቺውን በሌላው ፊት። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፣ እሱ በየቀኑ ይፈተናል። ከመለሳችሁት ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ ቀጣዩ ክፍል ደግሞ በዘገየ ቀን ነው የሚፈተነው። ከሳታችሁት፣ አምስተኛው ክፍል ላይ ቢደርስ እንኳ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዋጋው አንድ ደብተር ነው። ስልክ ላይ ለምትፈልጉ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ራሱ አስልቶ ያደርገዋል፤ አንድሮይድ ላይ በነጻ ነው፣ ካርዱ አንዴ ከተጫነ ያለ ዳታም ይሠራል። ካርዱን ግን ራሳችሁ ሥሩት፣ ነጠላ ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ ያለበትን አጭር አረፍተ ነገር አድርጋችሁ።

መስማት ይበቃል ወይስ መናገር?

አሜሪካዊው ስቲቨን ክራሸን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቋንቋ የሚገባው በመስማትና በማንበብ ነው፣ ያውም ከምናውቀው ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ስንረዳ ነው አለ። ትልቅ እውነት አለበት። ገና ሁለት መቶ ቃል ይዞ የአልጀዚራን ዜና የሚያዳምጥ ሰው ጫጫታ ነው የሚሰማው። ለልጅ የተዘጋጀ ታሪክ ቢሰማ ይሻለዋል፣ ያሳፍራል እንጂ ይሠራል።

ግን ካናዳዊቷ ሜሪል ስዌን በፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን ስታይ ሌላ ነገር አየች። ዓመታት በፈረንሳይኛ ተምረው መረዳቱ ላይ በጣም ጎብዘዋል፣ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ስህተቱ አልለቀቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 የሰጠችው ማብራሪያ ልጆቹ ተጨንቀው እንዲናገሩ አልተገደዱም የሚል ነው። ሰው ሲሰማ ሰዋስዉን ዘሎ ሐሳቡን ይይዛል። ሲናገር ግን መዝለል አይችልም፣ የጎደለው ነገር እዚያው ላይ ያንቀዋል። ማነቁ ነው የሚያስተምረው። የኛ የ12ኛ ክፍል ልጅ ታሪክ ከነዚህ ልጆች ብዙም አይርቅም።

የዚህ ነገር አንድ የቆየ ምሳሌ ከዚሁ ከኛ አገር አለ። አባ ጎርጎርዮስ የቤተ አምሐራ ሰው ነበሩ፣ ከመካነ ሥላሴ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ወደ 25 ቋንቋ ያውቅ ነበር የሚባልለት ሰው ነው፣ ግዕዝንም ከመጽሐፍ ጀምሮት ነበር። አማርኛን ግን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው አስተማሩት፣ ደብዳቤም ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ነው። ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። አንድ በቁም ነገር የሚያናግር ሰው በቂ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የአርባ ስድስት ዓመት ሥራ።

ጣሊያናዊው ካርዲናል ሜዞፋንቲም (እ.ኤ.አ. ከ1774 እስከ 1849) ከ30 በላይ ቋንቋ ይናገራል ይባልለት ነበር። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ቦሎኛ ውስጥ ነው። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል የተኙ የየአገሩን ቁስለኞች እየጠየቀ፣ ንስሐቸውን እየሰማ ነበር የሚማረው። ሰው ፍለጋ አልዞረም፣ ሰዉ ከተማው መጥቶለታል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለን ሀብት ይሄ ነው፣ አንጠቀምበትም እንጂ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ የከሚሴ መኪና ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ራሱ የኦሮምኛ ትምህርት ነው። የባቲ ሰኞን አንስቻለሁ። አርጎብኛ ልስማ ያለ ሾንኬና ጦለሃ አሉለት። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ያንን አረብኛ ሥራ ብለው እንኳ አይቆጥሩትም፣ "እሱማ የቤት ውስጥ ነው" ይላሉ። እስቲ በሰዓት እንክፈላችሁና አስተምሩን በሏቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው አንድ አስተማሪ ሲያይ ከሚውልበት ሰዓት የእነሱ አንድ ሰዓት ይበልጣል፣ አስተማሪ ባይሆኑም፣ ምክንያቱም ሙሉ ሰዓቱን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። እንግሊዝኛ ላይ ነው የምንቸገረው፣ የሚያናግር ሰው እምብዛም የለም። እዚያ ላይ ጓደኛ ይዞ በሳምንት ሁለት ቀን አማርኛን ከልክሎ መቀመጥ፣ አለዚያም በቴሌግራም የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት እየቀዱ መላላክ ይሠራል። ድምፅን መልሶ መስማት ያሸማቅቃል። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

አምስቱን በአንዴ?

አይሆንም። ሁለት ያልጠኑ ቋንቋዎች አብረው ሲሄዱ ይጠላለፋሉ፤ የአረብኛ ቃል ስትፈልጉ የሚመጣው አማርኛው ሳይሆን የእንግሊዝኛው ነው፣ አዲሶቹ የውጭ ቋንቋዎች እርስ በርስ ነው የሚጋፉት። የሚዛመዱ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ትግርኛና ግዕዝ፣ ወይም ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ፣ ይብሳል። አንዱ ቢ1 ወይም ቢ2 ደርሶ እስኪረጋ ሌላውን ማዘግየት ይሻላል። የግድ ሁለት ከሆነ አንዱ የሚነበብ፣ አንዱ የሚነገር ይሁን፣ ደግሞም የሚራራቁ።

ከዚያ በኋላ ያ ማንም የማያስበው ወጪ ይመጣል። ሰባት ላም መግዛት የሚችል ሰው አይጠፋም፣ ሰባት ላም የሚቀልብ ግን ጥቂት ነው። በሳምንት 7 ሰዓት አላችሁ እንበል። ሦስት ቋንቋ ቢ2 ላይ ይዛችኋል፣ እያንዳንዱ እንዳይዝግ በኔ ግምት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። አራት ሰዓት ተኩል ሄደ። ለአራተኛው ቋንቋ የተረፈው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በዓመት 130 ሰዓት። 600 ሰዓት የሚጠይቅ ቋንቋ ከሆነ አራት ዓመት ተኩል ገደማ። አምስተኛው ሲመጣ ምንም አይተርፍም። "ሰባት ቋንቋ አቀላጥፋለሁ" የሚል ሰው ስትሰሙ ወይ ሥራው ራሱ ቋንቋ ነው፣ ወይ ከሰባቱ አራቱ ሰላምታ ናቸው። ኑሮ መቀለቡን ሲሸፍንላችሁ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። ኦሮምኛ ከደንበኛ ጋር የምታወሩበት ከሆነ፣ እንግሊዝኛ ቢሮ የምትሠሩበት ከሆነ፣ እነሱ ከሰባቱ ሰዓት አይቆጠሩም። ቋንቋ ሲመረጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከጥናት ሰዓት ውጭ ማን ያናግረኛል?

ዕድሜን በተመለከተ ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 670 ሺህ የሚጠጋ ሰው በኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ፈተና ወስዶ በተሠራ ጥናት ሰዋስው የመማር ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ሳይቀንስ እንደሚቆይ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም፤ የሚቀረው በአብዛኛው የአነጋገር ቅላጼ ነው፣ እሱ ደግሞ ነውር አይደለም። ተሰጥኦም ቢሆን አለ። 60 ምናምን ቋንቋ ያውቅ ነበር የሚባለው ጀርመናዊ ዲፕሎማት ኤሚል ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሞት አንጎሉ ለጥናት ተቀመጠ፣ በኋላም ከቋንቋ ጋር የሚያያዘው ክፍል አወቃቀሩ ከሌሎች ሰዎች ለየት ብሎ ተገኘ። እንዲያ ሆኖ ተወልዶ ይሁን በልምምድ ብዛት፣ ከአንድ አንጎል መለየት አይቻልም።

ታዲያ ኮምቦልቻ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ በቀን አንድ ሰዓት ያለው ሰው ምን ያድርግ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ኦሮምኛን እይዛለሁ፤ ቅርብ ነው፣ የሚያናግር አለ፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የሚታይ ነገር ይሰጣል። ሃያ ደቂቃ ካርድ፣ ሃያ ደቂቃ ማዳመጥ፣ ሃያ ደቂቃ ማውራት፣ ቅዳሜ ወይም ሰኞ ገበያ። እንግሊዝኛን በዚያ ጊዜ አልተወውም፣ ግን በንባብ ብቻ፣ ስልኬን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬ፣ የሥራዬን ጉዳይ በእንግሊዝኛ እያነበብኩ አቆየዋለሁ። ኦሮምኛው ሲረጋ ቦታ ይቀያየራሉ፦ እንግሊዝኛው ወደ አፍ፣ ኦሮምኛው ወደ ገበያ። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ነው።

መሀል ላይ ማቋረጥም አይቀርም። ጾም ይገባል፣ ረመዳን ይገባል፣ ሰው ይታመማል፣ ሁለት ወር ይሄዳል። ያኔ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩት። የረሳችሁት የመሰላችሁ ነገር ከአዲስ ነገር ባነሰ ጊዜ ነው የሚመለሰው፣ ኤቢንግሃውስ የለካው ይህንኑ ነው። የሳጥኑን ካርድ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ክፍል መልሱ፣ አዲስ ቃል ለአንድ ሳምንት አታስገቡ፣ በቀን አርባ ሃምሳ ካርድ ራሳችሁን ጠይቁ። የምታውቁት ካርድ ራሱ ተመልሶ ወደ ኋለኞቹ ክፍሎች ያልፋል፤ መጀመሪያው ክፍል ላይ የቀረው ብቻ ነው በእርግጥ የጠፋው።